የእትዬ ሙሉእመቤት ፕሪንተር

እትዬ ሙሉእመቤትን አልወዳትም። ፊት ለፊት ስንገናኝ «እርስዎ» እላታለሁ፤ ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ሰፈሩም ይሰማል። ከጀርባዋ ግን «እሷ» ናት፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋታለሁ። ደስ ያላለው የራሱን ይጻፍ።

የምትኖረው ቀጨኔ ነው፣ ከእኛ ቤት በላይ ባለው ዳገት፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ ውስጥ። እዚያው ተወልዳ እዚያው አረጀች። አባቷ ሸማኔ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ታይፕ ትምህርት ቤት ገብታ ፊደሉን ሳታይ መምታት ተማረች። ከዚያ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጥራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራችና ጡረታ ወጣች። አላገባችም። ሰፈሩ ስለዚህ ብዙ ያወራል፤ እኔ ግን ደፋር ስላልተገኘ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ጊዜ አለቃዋ የተፈረመበት ደብዳቤ ላይ ቀኑን ብቻ ቀይሪልኝ ቢላት፣ «አዲስ ደብዳቤ ያስጽፉ፤ አዲስ ቀን እመታበታለሁ» አለችው ይባላል። በዚህ የተነሳ እድገት ሁለት ጊዜ አለፋት። ሌላ ሰው ቢሆን ተምሮበት አፉን ይይዝ ነበር። እሷ ግን እንደ ኒሻን ደረቷ ላይ ሰክታው ትዞራለች።

እንግዲህ ይህችን ሴትዮ ነው እድራችን የሙታን ታሪክ ጸሐፊ ያደረጋት። ሰው ሲሞት፣ ከመቀበሩ በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ የሚነበበውን አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ የምትጽፈው እሷ ናት። ሌላ ቦታ የሚነበበውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሟች ሁሉ ደግ፣ ሟች ሁሉ ሩኅሩኅ፣ ሟች ሁሉ ለተቸገረ ደራሽ ነው። እሷ ጋ ይህ የለም። «ደግ ነበር በይልን» ሲሏት «ለማን? መቼ? ምን አደረገ?» ትላለች። መልስ ካልተገኘ አትጽፍም። አንድ ጎረቤታችን የሞቱ ጊዜ ሚስታቸው «በትዳራቸው የተመሰገኑ የሚለው ይግባልኝ» ብለው ቢለምኗት፣ «ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ኖረዋል» ብላ ጻፈችላቸው። ያ ሲነበብ ቀባሪው እርስ በርሱ ተያየ።

ለምን እንደዚህ እንደሆነች እናቴ ነግራኛለች። በአባቷ ቀብር ዕለት ታሪኩን ያነበቡት ሰውዬ ተሳስተው በእናቷ ስም ቦታ የሌላ ሴት ስም ጠሩ። እናቷ እዚያው ቆመው ሰሙ። ሙሉእመቤት ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳዝናል፤ አልካድኩም። ግን ብዙ ሰው ብዙ ነገር ይደርስበታል፤ ሁሉም ተነስቶ በሰፈሩ ላይ ዳኛ አይሆንም።

ሰማያዊ ደብተርም አላት። አንዳንድ ሽማግሌ በሕይወት እያለ ሄዶ የራሱን ያስጽፋል፤ እሷም ቃሉን እንዳለ ትመዘግባለች። አባቴ ከእነዚህ አንዱ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አባቴ መዝገቡ ወልደሰማዕት ይባላል። ሸጎሌ፣ መንገድ ዳር፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎሚስታ ነበር። የሚኒባስና የከብት መኪና ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ ኩላሊቱ ከዳውና ዓርብ ጠዋት አልጋው ላይ ሞተ። ቀብሩ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት፣ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ተባለ። እኔ አክሊል የመጀመሪያ ልጁ ነኝ፤ ቤዛዊትና ዮናስ ይከተሉኛል።

ከዚያ ደግሞ ሃና አለች።

ከስድስት ዓመት በፊት አባቴ ምሳ ላይ ሹሮውን እየበላ «ሌላም ልጅ አለችኝ» አለን። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ጎሚስታው አጠገብ ምግብ ቤት ነበራት፣ አሁን ሞታለች፣ ልጅቷን የማስተምራት እኔ ነኝ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። እናቴ ወለተማርያም ተነሳች፣ እጇን ታጠበች፣ ጓዳ ገባች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ከዚያ ቀን በኋላ በቤታችን የዚያች ልጅ ስም ተነስቶ አያውቅም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሃና ድንኳናችን ውስጥ ገባች። ጥቁር ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ፣ የውኃ ጀሪካኑ አጠገብ ተቀመጠች። ነይም ሂጂም ያላት የለም። ታለቅስ ነበር፣ ግን ድምፅ አልነበራትም። ቤዛዊት «አባዬ! አባዬ!» እያለች ደረቷን ስትመታ፣ ሃና እንደ ሩቅ ጎረቤት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። ያንን ቃል ማን እንደሚጮኸው ሁላችንም እናውቃለን። እሷም ታውቃለች።

እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እናቴ በባሏ አስከሬን ፊት ቆማ፣ ሰፈር ሁሉ እየሰማ፣ የዚያች ልጅ ስም እንዳይነበብባት። ለእናቴ ብዬ ነው እል ነበር። ለራሴም ነበር። ሰው «አባቱ ሸጎሌ ሁለተኛ ቤት ነበረው» ብሎ እንዲያወራብኝ አልፈለግኩም። አንባቢም ራሴ እሆናለሁ አልኩ፤ ሰው ከራሱ ጨምሮ እንዳያነብ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አክሊል፣ ፕሪንተሩ እምቢ አለ» አለች እትዬ ሙሉእመቤት። እግዜር ያጥናህ የለ፣ እንዴት አደርክ የለ። «አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አዝዤው አልወጣም። አንተ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ና እየው።»

ድሮ ታሪኩን ጽፋ ከታች ያለ ኮፒ ቤት ታሳትመው ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ኮፒ ቤቱ ተነሳ። እድሩም ያገለገለ ፕሪንተር ገዝቶ፣ ባለፈው ሐሙስ ቤቷ ድረስ አስመጣላት። ያመጣው ባለሙያ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ፣ አንድ ወረቀት ሞክሮ አውጥቶ ሄደ። ሐሙስ የሠራ ነገር ቅዳሜ ለምን እምቢ ይላል? ይህንን እያብሰለሰልኩ ዳገቱን ወጣሁ።

ቤቷ አንድ ክፍል ነው። ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የእህቷ ልጅ ስታገባ ትታላት የሄደችው አሮጌ ላፕቶፕ፤ በስተቀኝ በኩል አጭር ኮመዲኖ ላይ ፕሪንተሩ። ዳንቴል አልብሳዋለች። እንደ ሬዲዮ፣ ራሷ የሠራችው ነጭ ዳንቴል። እኔ አባቴ ሞቶብኛል፣ እሷ ፕሪንተር ታስጌጣለች።

«ይኸው» አለች ወደ ስክሪኑ እያሳየች። «መጀመሪያ አንብበው።»

ቆሜ አነበብኩ። ልደቱ፣ የትውልድ ቦታው፣ ጎሚስታው። ከዚያ «የአራት ልጆች አባት ነበሩ» የሚለው ላይ ደረስኩ። ከሥሩ አራት ስም፤ የመጨረሻው ሃና መዝገቡ።

«ትናንት ሦስት ነን ብዬ ነግሬዎታለሁ» አልኩ።

«ነግረኸኛል።»

«ታዲያ?»

«አባትህ አራት ናቸው ብለውኛል። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ያሉት። ጥቅምት አሥራ ሁለት ቀን፣ ዳገቱን ሦስት ጊዜ እያረፉ ወጥተው። ቃላቸው ደብተሬ ላይ አለ።»

አባቴ ጥቅምት ላይ ከአልጋ ወርዶ ሽንት ቤት ለመድረስ የእኔን ትከሻ ይይዝ ነበር። እዚህ ድረስ ብቻውን ወጥቶ፣ ለእኔ ያልነገረኝን ለዚህች ሴት ነገራት። ንዴቴ በእሱ ነበር፤ የወረደው ግን እሷ ላይ ነው።

«የሞተ ሰው ራሱን አይቀብርም፤ እኔ ነኝ የምቀብረው። የቤቱ ኃላፊም እኔ ነኝ። ያጥፉት።»

«አላጠፋም።»

«እትዬ ሙሉእመቤት፣ እናቴ ትቆማለች እዚያ!»

«አውቃለሁ። ወለተማርያምን ካንተ በፊት ነው የማውቃት። እኔ ግን የሰው ቃል አልሰርዝም። አንተ የምትሰርዝ ከሆነ» አለችና ከወንበሩ ተነሳች፤ «ወንበሩ ይኸው። እጅህ የራስህ ነው።»

ተቀመጥኩ። አራትን ሦስት አደረግኩት። ከዚያ ከዮናስ ስም ቀጥሎ ያለውን በአንዲት ቁልፍ አንድ በአንድ ወደ ኋላ በላሁት። ከነአባቷ ስም ስድስት ፊደል ነው፤ ጊዜ አልወሰደም። እሷ ከኋላዬ እጇን አጣጥፋ ቆማ ነበር። ትንፋሿ ማጅራቴ ላይ ይሰማኝ ነበር።

አትም የሚለውን ተጫንኩ። ዝም። ፕሪንተሩ ላይ አረንጓዴ መብራት በርቷል፣ ሞቋል፣ ወረቀት ጎርሷል፣ ግን ዝም። ላፕቶፑ «ኦፍላይን» ይላል። እንደገና ተጫንኩ። ዝም። አጥፍቼ አበራሁ፤ ተጫንኩ። ዝም።

«አትጫነው» አለች።

«እኔ ቢሮ በቀን ሃያ ጊዜ ነው የማትመው።»

«ቢሮ አንተ ነህ የምታገናኘው?»

አይቲ የሚባል ክፍል አለን፤ ስንደውል ይመጣሉ። ይህን ለእሷ የምነግርበት ምክንያት አልታየኝም።

ዳንቴሉን ገፍፌ አልጋው ላይ ወረወርኩት፤ እሷ አንስታ አጠፈችው። የመብራት ገመዱን ከሶኬቱ ነቅዬ ሰካሁ። ወረቀቱን አውጥቼ አራግፌ መለስኩ። የስልኬን ኢንተርኔት ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ ድራይቨር ላወርድ ሞከርኩ፤ ግማሽ ላይ ደርሶ ይቆማል፣ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በዚህ መሃል ስልኩ ይጮሃል፤ ድንኳኑ፣ አበባው፣ የመቃብር ቆፋሪው፣ አጎቴ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ። ንዴቴ በመጣ ቁጥር አትም የሚለውን እጫነዋለሁ። ስንት ጊዜ እንደተጫንኩ አላውቅም።

«ይህ ዕቃ የተበላሸ ነው!» አልኩ በመጨረሻ። «እድሩ ተጭበርብሯል። የማይሠራ ነገር ነው የሰጧችሁ።»

«ሐሙስ ሠርቷል።»

«ሐሙስ የሠራ ዛሬ ምን ነካው?»

«ሐሙስ ፕሪንተሩ በዚህ በኩል ነበር» አለች፣ በላፕቶፑ ግራ ያለውን ባዶ ቦታ በጣቷ እየነካች። «ገመዱንም በዚህ በግራው ቀዳዳ ነው ልጁ የሰካው። ትናንት ጠዋት ኮመዲኖው ላይ ሳወጣው በቀኙ ሰካሁት።»

አየኋት። ከሁለት ሰዓት በላይ እግሯ ሥር ተንበርክኬ፣ ሶኬት ስነቅል፣ ከኢንተርኔት ጋር ስታገል፣ ይህች ሴት ይህን ይዛ ቆማለች።

«ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅከኝም። እንደገባህ ማዘዝ ነው የጀመርከው።»

በሕይወቴ ሰው መምታት የፈለግኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንደኛው ያኔ ነው። ገመዱን ከቀኝ ነቅዬ ግራው ላይ ሰካሁት። ላፕቶፑ ጢጥ አለ። ፕሪንተሩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ትኩስ ወረቀት ተፋ። እሱ ሳያበቃ ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው። በተጫንኩት ልክ ሊያወጣ ነው።

ልክ ያኔ ከበር ላይ የአጎቴ መኪና ክላክስ ጮኸ። መጀመሪያ የወጣችውን ወረቀት መዝዤ በሦስት አጠፍኩና የኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ።

«አንብበህ ውሰድ» አለች።

«እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። ምኑን ነው የማነበው?»

«ወረቀት ሳይነበብ አይወጣም። አንብበህ ውሰድ፣ አክሊል።»

«እርስዎ ሠላሳ ዓመት ያልጠቀመዎትን ሥርዓት እኔ ላይ አይሞክሩት» አልኩና በሩን በርግጄ ወጣሁ። ፕሪንተሩ ከኋላዬ ገና እየተፋ ነበር።

ፍትሐቱ ሲያልቅ አስከሬኑ ወጥቶ ደጀ ሰላሙ ፊት ለፊት አረፈ። ሰው ብዙ ነበር። የሸጎሌ ሾፌሮች ሁሉ መጥተዋል፤ የከብት ነጋዴዎቹ በአንድ ወገን ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እናቴ ከሳጥኑ ራስጌ፣ ቤዛዊትና ዮናስ በግራና በቀኟ ሆነው ደግፈዋታል። ሃና በሰው ጀርባ፣ ከጥዱ ሥር ነበረች። የት እንዳለች የማውቀው ከጠዋት ጀምሮ በዓይኔ ስለምጠብቃት ነው።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ደቻሳ ማይኩን ሰጡኝና አጠገቤ ቆሙ። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፣ ጆሯቸውም ከከዳቸው ቆይቷል። ስለዚህ ታሪክ ሲነበብ ሁልጊዜ ከአንባቢው ጎን ተጠግተው ነው የሚያዳምጡት። አንድም ቃል እንዲያመልጣቸው አይፈልጉም።

ወረቀቱን ዘረጋሁ። ፈጠን ፈጠን እያልኩ አነበብኩ።

«አቶ መዝገቡ ወልደሰማዕት ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰማዕት ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ደስታ በ1947 ዓመተ ምሕረት ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወለዱ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ መጥተው ልዩ ልዩ የጉልበት ሥራ ሲሠሩ ቆይተው፣ ሸጎሌ በጎሚስታነት ሃያ ዘጠኝ ዓመት አገልግለዋል። ከወይዘሮ ወለተማርያም ጋር አርባ አንድ ዓመት በትዳር ኖረዋል። የአራት ልጆች አባት ነበሩ።»

አራት።

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ፣ በድምፅ ማጉያው አልፎ፣ ግንቡን ነክቶ ሲመለስ ነው የገባኝ። ወደ ታች አየሁ። አራቱም ስም ተደርድሯል። በእጄ ያለው እኔ ያስተካከልኩት ወረቀት አልነበረም። እሷ ገና በጠዋቱ፣ እኔ ሳልደርስ ያዘዘችው ነበር። እምቢ ያለው ፕሪንተር ትእዛዙን አልረሳውም፤ ከሁሉ ፊት አሰልፎ ይዞት ቆይቶ፣ መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ እሱን አወጣው። እኔም መዝዤ ኪሴ ከተትኩት።

«እነሱም አክሊል መዝገቡ፣ ቤዛዊት መዝገቡ፣ ዮናስ መዝገቡ» አልኩ። የቀረውን ስም እያየሁት ዘለልኩት። «አቶ መዝገቡ በሙያቸው…»

አቶ ደቻሳ ክንዴን ያዙኝ።

«ቆይ ልጄ፣ ቆይ» አሉ። ወደ እኔ ሲጠጉ አፋቸው ከማይኩ ላይ ስለነበር ሰው ሁሉ ሰማቸው። «አራት ብለህ ሦስት ጠራህ። አንዱ አመለጠኝ መሰለኝ። አራተኛው ማነው?»

ተንኮል የለባቸውም። ጥፋቱ የጆሯቸው መስሏቸው ነው የጠየቁት። ፊቴን እያዩ፣ ግንባራቸውን ሰብስበው፣ ልክ እንደ ይቅርታ ጠያቂ ይጠብቁኛል።

ስድስት ዓመት በቤታችን ያልተነሳ ስም ሰው ሁሉ መሃል ቆሞ ጠሪውን ይጠብቃል። እናቴን አየኋት፤ ሳጥኑን ብቻ ታያለች። በሰው መሃል አሻግሬ ጥዱ ሥር አየሁ። ሃና ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ፣ ትከሻዋን ሰብስባ፣ ሰው ሊመታት እጁን ያነሳባት ይመስል ዓይኗን ጨፍና ነበር። ልል ያሰብኩትን ታውቃለች ማለት ነው። ከእኔ የምትጠብቀው ያንን ነበር።

ሦስት ነን፣ የጽሕፈት ስሕተት ነው ማለት እችል ነበር። አፌም ለዚያ ተከፍቶ ነበር። አባቴ ግን ከፊቴ ተጋድሟል፣ ዳገቱን ሦስት ጊዜ አርፎ የወጣው። እላዩ ላይ ቆሜ ልዋሽ አልቻልኩም።

«ሃና» አልኩ።

አቶ ደቻሳ ጆሯቸውን በእጃቸው ከልለው አስጠጉ። «ማን?»

«ሃና! ሃና መዝገቡ!» ብዬ ጮህኩ።

በድምፅ ማጉያ እስከ ታች መንገድ ተሰማ። አቶ ደቻሳ «እ፣ ሃና። አሁን ሞላ» አሉና ክንዴን ለቀቁኝ።

ከጥዱ ሥር «አባዬ!» የሚል ጩኸት ወጣ። ከዓርብ ጀምሮ ጉሮሮዋ ላይ ያቆመችው ሁሉ ነው አንድ ላይ የወጣው። ዓይኔን ብጨፍን ከቤዛዊት ድምፅ አልለየውም ነበር፤ ያው የአባቴ ወፍራም ድምፅ ነው። የእድሩ ሴቶች ሥርዓት ያውቃሉ፤ የሟች ልጅ ከኋላ አይቆምም። ሁለቱ ብብቷን ይዘው፣ ሰውን እየከፈሉ አመጧት። ቤዛዊት ቦታ አልለቀቀችም። እናቴ ፊቷን አላዞረችም። የቀረው ቦታ ከእኔ ጎን ብቻ ነበርና እዚያ አቆሟት። እያለቀሰች ስትወዛወዝ ትከሻዋ ክንዴን ይመታው ነበር። የቀረውን ታሪክ እንዴት አንብቤ እንደጨረስኩ አላስታውስም።

ከቀብር መልስ እጄን ታጥቤ ድንኳን አልገባሁም፤ በቀጥታ ዳገቱን ወጣሁ። እትዬ ሙሉእመቤት ከቀብር ቀድማ ተመልሳ፣ ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«ሆን ብለው ነው!» አልኩ ከበሩ።

«አንብበህ ውሰድ ብዬሃለሁ። ሁለት ጊዜ።»

«የእርስዎ እንደሚቀድም ያውቁ ነበር!»

«ከእጅህ ላይ ወረቀቱን አላየሁትም። ከሁለት አንዱ እንደሚሆን ግን አውቃለሁ። ስለዚህ ነው አንብብ ያልኩህ።» መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ፖስታ አወጣች። «ይኸው ያንተ። ዘጠኝ ቅጂ ነው። እኔ ጋ የተጻፈ ነገር አይጣልም።»

ፖስታውን ከእጇ ነጠቅኳት። ሴት ማዋረድ፣ ቤት ማፍረስ፣ የሰው ሐዘን ላይ መጨፈር፤ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ አልኳት። ፊት ለፊቷ «አንቺ» ያልኳት ያን ቀን ብቻ ነው። ስጨርስ ሰማያዊውን ደብተር አንስታ፣ ምልክት ያደረገችበትን ገጽ ገልጣ ወደ እኔ አዞረችው።

የእሷ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ስርዝ የሌለው። ጥቅምት 12። የአባቴ ቃል ከላይ እስከ ታች ሰፍሯል። አራቱ ስም አለ። ከገጹ ግርጌ፣ እሷ የጻፈችው፣ አባቴም የፈረመበት አንድ መስመር ነበር።

«አንባቢ፦ ልጄ አክሊል። እሱ ከጠራት ሌሎቹም እምቢ አይሉም።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ፊደሎቹ ጠፉብኝ።

«ይህን ጠዋት ለምን አላሳዩኝም?» አልኩ።

መነጽሯን አወለቀችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ቃላቸው ደብተሬ ላይ አለ ብዬህ ነበር» አለች። «ልየው አላልከኝም።»

ከአልጋው ላይ ዳንቴሉን አነሳች፣ ዘረጋችው፣ ፕሪንተሩን መልሳ አለበሰችው። እኔ ፖስታዬን ይዤ ወጣሁ። እስከ ዛሬ አልወዳትም።